የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ማን ቀዳለት?

እስቲ ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። የአልኮል መጠጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሳችሁት የት ነበር? ማንስ ነው የሰጣችሁ? ጓደኞቻችሁንም ጠይቁ። "ግሮሰሪ ገብቼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ራሴ አዝዤ" የሚል ብዙ አታገኙም። "አባባ ከብርጭቆው አቀመሰኝ"፣ "የአክስቴ ሰርግ ላይ ነው"፣ "ለጥምቀት ጎረቤት ቤት"፣ "ኳስ ስናይ አንድ የሰፈር ትልቅ ልጅ ጃምቦ ጋበዘን" የሚሉት ግን በየሰፈሩ አሉ።

ስለ ወጣቶችና ስለ መጠጥ ወሬ ሲነሳ ጣታችን ወዲያው የሚቀሰረው ወጣቱ ላይ ነው። ምክሩ ለእሱ፣ ቁጣው ለእሱ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ለእሱ። የቀዳለት፣ የሸጠለት፣ "ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ!" ያለው፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ሰው ግን ከወሬው ውስጥ የለም። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እጅ ውስጥ ብርጭቆ ከመግባቱ በፊት ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎልማሳ እጅ ያልፋል። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ከመጠጥ መጠበቅ የልጆቹ ብቻ ሥራ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው። በዚህ ጽሁፍ የሰፈር ሰው፣ እድር፣ ወላጅ፣ መጠጥ ሻጭና የወጣት ክበብ አንድ ላይ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ እናያለን።

ቫይረሱ በብርጭቆ አይተላለፍም፤ ታዲያ ምን አገናኛቸው?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ኤች.አይ.ቪ በአንድ ዋንጫ ተቀባብሎ በመጠጣት ወይም በአንድ ብርሌ በመጎንጨት አይተላለፍም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው።

አልኮል ወደ ደም ገብቶ አንጎል ሲደርስ ቀድመው ከሚዳከሙት ነገሮች አንዱ ማመዛዘን ነው። "ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ነገ ምን ያመጣብኛል?" የሚለው የውስጥ ድምፅ ይደበዝዛል። በጸረ-ኤድስ ክበብ ሁለት ዓመት የተማረ፣ ስለ መታቀብ፣ ስለ መተማመንና ስለ ኮንዶም ሌሎችን ሊያስተምር የሚችል ልጅ አንድ ቅዳሜ ማታ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም። ዕውቀቱን የሚጠቀምበት ጊዜ ነው የተወሰደበት። ኮንዶሙ ኪሱ ውስጥ እያለ ይረሳዋል፤ ቢያስታውሰውም በትክክል አይጠቀምበትም።

ለሴት እህቶቻችን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ግብዣው ብዙ ጊዜ ነጻ አይደለም። ሂሳቡን የከፈለው ሰው፣ በተለይ በዕድሜና በገንዘብ የሚበልጣት ከሆነ፣ ለከፈለው ነገር ምላሽ የሚጠብቅበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ ፈርጠም ብለን መናገር አለብን፤ ማንም ሰው በሁለት ጠርሙስ ቢራ በሌላ ሰው ገላ ላይ መብት አይገዛም። ሰክራ ራሷን ያላወቀች ልጅ ዝም ስላለች "እሺ ብላለች" አይባልም። ይህ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ወይም የደረሰበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ዕለት፣ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚረዳ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ጠጥታ ስለነበር አፍራ የተደበቀች ልጅ የምታጣው ይህንን ሰዓት ነው።

ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወጣቶችንም አንርሳ። የጸረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ ካልተወሰደ ቫይረሱ መልሶ ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ይስታል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ-ህዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በገጠር 0.4 ከመቶ ሲሆን በከተማ ግን 2.9 ከመቶ ነበር። ግሮሰሪው፣ ድራፍት ቤቱና የሌሊት ጭፈራው ተደራርቦ የሚገኘውም እዚያው ከተማ ነው። ለከተማው ከፍተኛ ቁጥር መጠጥ ብቻውን ምክንያት ነው ማለታችን አይደለም። ሆኖም ቅዳሜ ማታ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ሁለቱ ነገሮች ጎረቤታሞች መሆናቸውን አይክድም።

"18 ሞልቶኛል" ለምን አይበቃም?

ብዙ ወጣቶች የቀበሌ መታወቂያ ያወጡ ዕለት የመጠጥ ፈቃድም አብሮ የተሰጣቸው ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ተለውጧል። የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀድሞ ወሰኑ 18 ዓመት ነበር። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይጎርፍ የነበረው የቢራ ማስታወቂያ የቆመውም በዚሁ አዋጅ ነው። በዜና እና በኳስ መካከል በየአስር ደቂቃው ቢራ ሲፈላ እያየን ያደግን ሰዎች ልዩነቱን እናውቀዋለን።

ለምን 21 ተባለ? የሰው አንጎል በ18 ዓመት እድገቱን አይጨርስም። ማመዛዘንንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየጎለመሰ ይሄዳል። ገና ግንባታው ባላለቀ ቤት ውስጥ ውሃ እንደማፍሰስ ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት ሰዎች ውስጥ ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የመጠጥ ሱሰኛ ሆነው እንደነበር አሳይቷል። በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ውስጥ ግን ይህ የደረሰባቸው 10 ከመቶ ያህሉ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ቤቱም ሰፈሩም ችግር ያለበት ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን ሁሉ ዕድሜ ያመጣው አይደለም። ቢሆንም አራት እጥፍ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2019 በዓለም ላይ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ከፍተኛው ድርሻ የታየው በሽማግሌዎች ላይ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 39 ዓመት በሆኑት ዘንድ ከጠቅላላው ሞት 13 ከመቶ የሚሆነው ከአልኮል ጋር የተያያዘ ነበር።

ጣሳ የተሰቀለበት በር

አዋጁ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ ደጃፉን የማያንኳኳበት ቤት ብዙ ነው። ጠላ ቤቱ በሩ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ ከሰቀለ ፈቃዱም ማስታወቂያውም ያው ነው። አረቄው በኮካ ጠርሙስ ይቀዳል። ምን ያህል አልኮል እንዳለበት የሚናገር ወረቀት የለውም። "መታወቂያ አሳየኝ" የሚባል ነገር ማን ያውቃል? እንዲያውም አባትየው "ሂድና ከእትዬ ቤት ግማሽ አምጣልኝ" ብሎ የ10 ዓመት ልጅ ይልካል። ልጁ በመንገዱ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ቢያሸት፣ ቢቀምስ ምን ይገርማል!

ስለ አረቄ ጥንካሬ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቢራ አብዛኛውን ጊዜ 5 ከመቶ አካባቢ አልኮል አለው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስንወስድ ንጹሁ አልኮል 16.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዳግም አረቄ 45 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ ብቻ 22.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አላት ማለት ነው። "አንድ መለኪያ ነው የወሰድኩት" የሚል ልጅ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ በላይ በአንድ ትንፋሽ ጨልጧል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ከአባቱ ይልቅ ቶሎ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ግን አረቄ የምታወጣዋን እናት ኮንነን ማለፍ አይገባም። በደብረ ብርሃን፣ በአርሲ ነጌሌና በሌሎችም ብዙ ቦታዎች አረቄና ጠላ የብዙ እናቶች እንጀራ ነው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ የቤት ኪራይ የከፈሉት ከዚያ ጭስ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ችግሩ ቤቱ መኖሪያም መሸጫም መሆኑ ላይ ነው። ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራው ጠጪዎች በተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ይሆናል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ትቀዳለች፤ ታስተናግዳለች፤ ሞቅ ያለው ደንበኛ እጇን ሲይዛት "ደንበኛ ነውና ቻይው" የሚባልበት ቀን ይመጣል። ለኤች.አይ.ቪ ተጋላጭነት ሲባል በስብሰባ የምንሰማው ቃል መልኩ ይህ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሰፈር ያሉ ሻጮችን ሰብስቦ "ዝጉ!" ማለት ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ጣሳው ይወርዳል፣ ሽያጩ ጓሮ ይገባል። ሦስት ነገር ላይ መስማማት ግን ይቻላል። አንደኛ፣ ለልጅ አይሸጥም፤ አባቱ ቢልከውም "አባትህ ራሱ ይምጣ" ይባላል። ሁለተኛ፣ የቤቱ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አይቀዱም። ሦስተኛ፣ የመሸጫ ሰዓት ይወሰናል። አንዷ ሻጭ ብቻዋን ይህን ብታደርግ ደንበኛዋ ወደ ጎረቤት ይሄድባታል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢጀምሩ ግን የሚጎዳ የለም። የሻጮቹ እቁብ ካለ ስምምነቱን እዚያው ማድረግ ይቀላል፤ እዚያ አንዷ ሌላዋን ታውቃታለች፣ ታፍራታለችም።

አንዲት ሩቅ ሀገር ምን አደረገች?

ከኛ ጋር የማይመሳሰል አንድ ምሳሌ ልናነሳ ነው፤ ቢሆንም ትምህርት አለው። አይስላንድ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ ሕዝቧ 400 ሺህ የማይሞላ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያች ሀገር ከ15 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ተማሪዎች ውስጥ 42 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናግረዋል። ዓርብ ማታ በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ መሃል መንገድ ላይ የሰከሩ ልጆች ይተራመሱ ነበር። በ2016 ይህ ቁጥር 5 ከመቶ ሆነ።

በስብከት አልነበረም። የሀገሪቱ ባለሙያዎች መጀመሪያ ልጆቹን ጠየቁ። በየጊዜው በየትምህርት ቤቱ መጠይቅ ይበተናል፤ መልሱ ለየከተማውና ለየትምህርት ቤቱ በቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ርዕሰ መምህር "በሀገር ደረጃ እንዲህ ነው" ሳይሆን "በእኔ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ልጅ ይጠጣል" ብሎ ከወላጆች ጋር ይነጋገራል።

ከዚያ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። "ልጄን በማታ አልለቅም፣ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መጠጥ አልገዛም፣ ቤቴ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ድግስ እንዲደረግ አልፈቅድም።" የዚህ ቃል ኪዳን ጥቅሙ ለወላጅ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ልጅ "የሁሉም ሰው እናት ፈቅዳለች፣ አንቺ ብቻ ነሽ የከለከልሽኝ!" ሲል እናትየው እንዳልፈቀዱ ታውቃለች። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ወላጆች በቡድን እየሆኑ በየሰፈሩ በእግር ይዞራሉ። ልጅ ለመደብደብ ወይም ለመያዝ አይደለም፤ የጎረቤት አባት ሲያልፍ ከታየ ነገሩ ራሱ ይቀዘቅዛል። በሕግም ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆች በክረምት ወራት ከማታው 4 ሰዓት በኋላ፣ በበጋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ትልቅ ሰው ውጭ እንዳይገኙ ተወስኗል። መጠጥ ለመግዛት የሚፈቀደው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለልጆቹ ሌላ የሚሠሩት ነገር ተሰጣቸው። ኳስ፣ ዋና፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ። የሬይክያቪክ ከተማ ለእያንዳንዱ ልጅ ለስፖርትና ለኪነ-ጥበብ ክበብ መክፈያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ይመድባል። ድሃ ቤተሰብ ያለው ልጅ በክፍያ ምክንያት ከሜዳው እንዳይቀር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጠጡ መቀነስ ሁሉ የመጣው ከዚህ ፕሮግራም ነው ብለው የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ። በዚያው ዘመን በሌሎች የአውሮፓ ሀገሮችም የወጣቶች መጠጥ ቀንሷልና። አይስላንድ ሀብታም ናት፤ ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጠው በመንግሥት ሱቅ ነው፤ ጓሮ ውስጥ የሚጠመቅ ጠላ የላትም። እኛ ገንዘቡን መቅዳት አንችልም። ወላጆች ተስማምተው አንድ ቃል መናገራቸውንና ማታ በመንገድ ላይ መታየታቸውን ግን ለመቅዳት ምን ያህል ብር ያስፈልጋል?

በእጃችን ያለው

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት የለብንም። ኤች.አይ.ቪ/ኤድስን ለመከላከል ስንል የሠራንባቸው ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በያኔው የደቡብ ክልል በአላባ እና በኦሮሚያ በያቤሎ የማህበረሰብ ውይይት የሚባለው ዘዴ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ እየተሰበሰቡ፣ ከውጭ የመጣ ሰው መልስ ሳይሰጣቸው፣ ራሳቸው ችግራቸውን አውጥተው ራሳቸው ውሳኔ ላይ የሚደርሱበት ነበር። በአላባና በከምባታ በእንዲህ ያለ ውይይት ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ በአደባባይ መነጋገር ከተቻለ ስለ ልጆች መጠጥ መነጋገር አያቅትም። ግርዛትን ያህል ነገር ያስተዋ ህዝብ "ልጅ በድግስ ላይ አይጠጣ" ለማለት አይቸገርም።

እድር ደግሞ አለ። በኤድስ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የደረሱ፣ ከቀብር አልፈው የታመመ ሰው ያስታመሙ እድሮች ብዙ ናቸው። እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ መቀጮ አለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ይፈራዋል። ዳሱ፣ ወንበሩና ብርጭቆው የሚወጣው ከእድር ነው። እንግዲያው ዕቃውን ሲያውስ አንድ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል፤ በድግሱ ላይ አሳላፊ የሚሆኑት ትልልቅ ሰዎች ይሁኑ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በሰርግ ዳስ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ብርጭቆ የሚሰበስቡት ልጆች ከዳሱ ጀርባ ሄደው ትራፊውን እየጨለጡ ነው የሚመለሱት። ከአምስት ጠረጴዛ የተሰበሰበ ትራፊ ደግሞ ትራፊ አይባልም።

"ታዲያ ልጆቹ በበዓል ቀን ምን ይጠጡ?" ለሚለው አያቶቻችን መልስ ነበራቸው። ለልጅ ብርዝ ይበጠበጣል፤ ማርና ውሃ ነው፣ ካደረ ግን ስለሚፈላ ያልሰነበተ መሆን አለበት። ቀሪቦ አለ፣ የሱፍ ውሃ አለ፣ የተልባ ውሃ አለ። ለስላሳውም አለ። "ቅራሪ ነው፣ ምንም አይለውም" እየተባለ ለልጅ የሚሰጠው የጠላ ቅጥያ ግን ሳሳ ያለ ይሁን እንጂ ያው ጠላ ነው። ልጁን የሚያለማምደው የአልኮሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ "ጠጣ፣ በርታ!" የሚለው ጭብጨባም ነው።

ኳሱን ከብርጭቆው መለየት

አሁን ስለ ቅዳሜ ከሰዓት እናውራ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አለ። ትልቅ ስክሪን ያለው የት ነው? ድራፍት ቤት። ልጁ የሄደው ሊጠጣ አይደለም፤ አርሴናልን ወይም ማንቼን ሊያይ ነው። ሆኖም ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳያዝ መቀመጥ አይቻልም። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ለስላሳ ያዘዘውን ልጅ ጓደኞቹ "ፋራ!" ይሉታል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰፈሩ ሁሉ ይጋብዛል፤ ሲሸነፍም ለማጽናናት ይጋበዛል። ከጨዋታው በኋላ ቀኑ መሽቷል፤ ኪሱ ባዶ ነው፤ ራሱ ሞቋል።

ይህንን ለማፍረስ ምክር ሳይሆን ሌላ ስክሪን ነው የሚያስፈልገው። የወጣት ማዕከሉ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶ ቁልፉ የጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። አሠራራችን የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ማዕከሉ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ባዶ ጊዜ ባላቸው ሰዓት ማዕከሉ ዝግ ነው። የወጣት ማህበሩ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ቁልፉን ቅዳሜ ማታ ቢረከብ፣ ለጨዋታው ትንሽ መግቢያ ቢያስከፍል፣ ሻይና ሳምቡሳ ቢሸጥ ወጪውን ይሸፍናል። ሴቶች ልጆች ሳይሸማቀቁ ገብተው ኳስ የሚያዩበት ቦታም ይሆናል። ድራፍት ቤት ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን ብትቀመጥ ምን እንደምትባል እናውቃለንና።

የትምህርት ቤት መዝጊያን በተመለከተ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች "ክሬዚ ደይ"፣ "ከለር ደይ" የሚሏቸው ቀኖች አሉ። ትምህርት ቤቱ ሲከለክል ድግሱ ወደ ተከራየ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ መምህር የለም፣ ወላጅ የለም፣ መጠጡ ግን አለ። ከመከልከል ይልቅ ቀኑን በቀን፣ በግቢ ውስጥ፣ ወላጆችና መምህራን ባሉበት ማክበር ይሻላል። ክበቦች ይህንን ሐሳብ ለወላጅ መምህር ህብረት ከፈተናው ወራት በፊት ማቅረብ አለባቸው። በመጨረሻው ሳምንት የመጣ ሐሳብ አይሰማም።

ክበባችሁ በሁለት ሳምንት ምን ሊሠራ ይችላል?

ካርታ ሥሩ። ትልቅ ወረቀት አውጡና ሰፈራችሁን ሳሉ። ትምህርት ቤቱን፣ ሜዳውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ የውሃ ቦኖውን። ከዚያ ለልጅ የሚሸጡ ግሮሰሪዎችን፣ ጠላና አረቄ ቤቶችን በቀይ፣ ልጆች ያለ መጠጥ ሊያመሹ የሚችሉባቸውን ቦታዎች በአረንጓዴ ምልክት አድርጉ። ቀዩ ስንት ነው? አረንጓዴውስ? ሴቶች ልጆች ለብቻቸው ሌላ ካርታ ይሥሩ። ማታ ለማለፍ የሚፈሩትን መንገድ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፤ ብዙ ጊዜም የሚፈሩት መንገድ ወንዶቹ ሞቅ ብሏቸው የሚወጡበት በር ፊት ለፊት ያለው ነው።

ይህንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ እድሩ ዳኛ ሂዱ። የማንንም ሰው ስም አትጥሩ፤ "እትዬ እንትና ለልጅ ትሸጣለች" ብሎ መጀመር ጠብ ማንሳት ነው። "በሰፈራችን አረንጓዴ ቦታ ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ሦስተኛ እንዲኖረን አግዙን" ብላችሁ ጀምሩ። የሃይማኖት አባቶችንም በዚሁ መንገድ አነጋግሩ። ስምምነት ከተደረሰ በኋላም ለልጅ መሸጡን የሚቀጥል ፈቃድ ያለው ቤት ካለ ነገሩ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የወረዳው ተቆጣጣሪዎችና ፖሊስ አዋጁን ያስፈጽሙ። ወጣት ልጅ ከመጠጥ ቤት ባለቤት ጋር ብቻውን መጋፈጥ የለበትም።

ቤታችሁ ውስጥ የሚጠጣ አባት ወይም ወንድም ካለ በመጠጡ ሰዓት አትከራከሩ። ጠዋት፣ ቡና ሲፈላ፣ "አባዬ፣ ጠርሙስ ይዤ እንድሄድ አትላከኝ" ማለት ይቻላል። "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም" ይባል የለ? ለአባት በቀጥታ መናገር ካስፈራ ለእናት፣ ለአጎት ወይም ለንስሐ አባት መናገር ይቻላል።

ይህ ሁሉ እስኪደራጅ ጊዜ ይወስዳል፤ ቅዳሜ ግን በዚህ ሳምንትም ይመጣል። ስለዚህ ይህችን ከአሁኑ ያዙ። አንድ ጓደኛችሁ አብዝቶ ጠጥቶ ቢወድቅና ቢጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ "ይተኛና ይለቀዋል" አትበሉ። በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። ቡና አትጋቱት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፣ እንዲያስመልስ ጣት አትክተቱበት። ብቻውን ጥላችሁት አትሂዱ። ቤተሰቡ እንዳይቆጣ ብላችሁም አትደብቁት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ወይም ባጃጅ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የጠጣው አረቄ ከሆነም ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ፣ ከተቻለም ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።